የንጋቱን ኩላሊት እንዳትረሺ

ሐበሻ አምስትና ስድስት ሆኖ በሰፈረበት የዓለም ክፍል ሁሉ፣ አንዲት ሴት ሳትሾም ሳትቀባ የበሽተኞች አለቃ ሆና ትገኛለች። ማን እንደታመመ ከሐኪሙ ቀድማ ታውቃለች። የትኛው ሆስፒታል፣ ስንተኛው ፎቅ፣ አልጋው በመስኮት በኩል ይሁን በበር በኩል፣ ሁሉም ይደርሳታል። ማን እንደሚያደርሳት ግን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ሮም ብትሄዱ አለች። ካርቱምም አለች። የእኛዋ፣ የስቶክሆልሟ፣ እትዬ ተጂቱ ነበሩ።

ማዕረጋቸውን ሳላጓድል ልጥራ፦ ክብርት እትዬ ተጂቱ፣ የስቶክሆልምና የአካባቢዋ ሕሙማን ጠቅላይ ጠያቂ፣ ባለ አጥሚቱ ፔርሙስ፣ አካላ የሚባለው ሰፈራቸው የባቡር ጣቢያ የክብር ነዋሪ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ስዊድን ውስጥ ባሳለፉት ዘመን ሁሉ ስዊድንኛቸው ከ«ሄይ» እና ከ«ታክ»፣ ከሰላምታና ከምስጋና፣ እምብዛም አልራቀም። በእነዚህ ሁለት ቃላት ያላስከፈቱት የሆስፒታል በር ግን አልነበረም።

አጠያየቃቸው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከእግር ጥፍርህ ጀምረው እስከ ራስ ፀጉርህ ቀስ ብለው ያዩሃል። ከዚያ ፍርዱ ይወርዳል፤ «ከስተሃል።» ትናንት ተኝተህ ዛሬ ቢመጡም ከስተሃል። እግሩን ተሰብሮ እቤቱ የተኛ አንድ ወዳጄ፣ ከመሰልቸት የተነሳ ኬክ ሲበላ ከርሞ ሱሪው አልዘጋ ብሎት ሳለ መጡ። እሱም ከስቷል ተባለ። ቀጥሎ ይቀመጣሉ፤ ወንበር ላይ ሳይሆን አልጋው ጠርዝ ላይ። «ወንበር የሐኪም ነው፤ ዘመድ አልጋ ላይ ነው የሚቀመጠው» ይላሉ። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ የሕክምና ሳይንስ ፀጥ ይላል። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ይመረመራል፣ ቀዶ ጥገናው ይገመገማል፣ ያንተኑ በሽታ ታሞ የነበረ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ከመቃብር ተቀስቅሶ ይመጣል። «እሱም እንዲሁ እንዳንተ፣ በጎኑ በኩል ነው የጀመረው። አላህ ይዘንለትና ምን የመሰለ ሰው ነበር!» አንተ አንሶላህን ጨብጠህ ላብ ሲያጠምቅህ ያዩና ጉልበትህን መታ መታ ያደርጋሉ። «አብሽር! ያንተ እንኳ የተለየ ነው።» ፔርሙሱ ይከፈታል። አጥሚቱን እስክትጨርስ ማንም ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ አንተም፣ እሳቸውም፣ አንዳንዴ ነርሷም።

አንድ ጊዜ ንጋቱ የሚባል የእኛ ሰው ኩላሊቱን ታሞ ተኝቶ እያለ፣ እትዬ ተጂቱ የአካላን ሰፈር ሰው ግማሹን አስከትለው ገቡ። ነርሷ መጥታ በትሕትና፣ ጠያቂ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚገባው አለች። ይህ ሲተረጎምላቸው ወደ ኋላቸው ዞረው ሠራዊታቸውን ተመለከቱ። «እኛም እኮ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የመጣነው» አሉ።

ሌላ ጊዜ ይህንኑ ንጋቱን ሊጠይቁ ሄደው ክፍል ተሳሳቱ። አንድ የማያውቁት ስዊድናዊ ሽማግሌ ተኝቷል። በሩ ላይ ቆመው አዩት። ሰውየው በእርግጥም ከስቷል። ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ አጥሚት ቀዱለት፣ ንጋቱ ጋ የደረሱት ፔርሙሱ ካለቀ በኋላ ነው። በሳምንቱ ለሽማግሌው ለብቻው መጡለት። ምነው ቢባሉ ተቆጡ። «ተሳስቼ ገባሁ ብዬ ተሳስቼ ልውጣ?»

ከእሳቸው ኋላ ሁልጊዜ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። ሸይማ ትባላለች። በር ለበር ጎረቤታቸው የሆነችው የሙፈሪሃት ልጅ ናት። ሙፈሪሃት አረጋውያን ቤት ተረኛ ስለሆነች፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እትዬ ተጂቱ እጇን ይዘው በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ይነጉዳሉ። እሷ ታስተረጉማለች። ሌሎች ልጆች መዋኘት በሚማሩበት ዕድሜ ሸይማ የሐሞት ጠጠርንና የስኳር በሽታን በሁለት ቋንቋ ታውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ በስቶክሆልም ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ማስተማር ማለቴ፣ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሸይማ ለዓመታት ተማሪዬ ነበረች። ከ«እሺ» ያለፈ አማርኛ ከአፏ ሰምቼ ስለማላውቅ ተስፋ ቆርጬባት ነበር። ንጋቱን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ግን ከበሩ ውጭ አንዲት ልጅ በጠራ የወሎ አማርኛ፣ «አይዞዎት፣ ዶክተሩ እንዲህ ያለው እንዲህ ለማለት ነው» እያለች ስታስረዳ ሰማሁ። ገባሁ። ሸይማ ናት። ደንግጬ «ለመሆኑ ስንት ዓመት ነው የደበቅሽኝ?» አልኳት። በስዊድንኛ መለሰችልኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ይቺ ልጅ አማርኛ የምትናገረው ለታመመ ሰው ብቻ ነው። ለጤነኛ ስዊድንኛ ይበቃዋል።

ነገሩ የከረረው ሸይማ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መሆኑ ነው። ሐኪም ከመሆን ሌላ ተመኝታ አታውቅም። ነጥቧ ጥሩ ነው፤ ለሕክምና ትምህርት ግን ከጥሩም በላይ ያስፈልግ ነበርና ትንሽ ጎደለ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ሌላ በር ነበረው። አመልካቹ ስለራሱ ይጽፋል፤ ለሐኪምነት ያዘጋጁትን ሦስት የሕይወት ገጠመኞች መርጦ ይተርካል፤ ጽሑፉ ከተወደደለት ፊት ለፊት ይጠየቃል። ይህም በር ከተዘጋ ሸይማ ሌላ ነገር ለመማር ሌላ ከተማ ትሄዳለች ማለት ነው። እናቷ ይህን ስታስበው ምግብ አልበላ አላት። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ስለሆንኩ አካላ ተጠራሁ።

ሸይማ ሦስቱን ገጠመኞች መርጣ ጠበቀችኝ። የእጅ ኳስ ቡድኗ አምበል መሆኗ፣ በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ መሆኗ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት በአረጋውያን ቤት መሥራቷ። ሙፈሪሃት በሦስተኛው ደስ ብሏታል፣ የእሷ መሥሪያ ቤት ስለሆነ። ሁሉም ነገር በሰላም ሊያልቅ ሲል እትዬ ተጂቱ ሳይጠሩ ገቡ።

«ሦስት?» አሉ፣ ሲነገራቸው። «ሦስት ብቻ? ሦስት በሽተኛ ያየች ሐኪም ማን ያምናታል? ጻፊ። የብርቅአየሁ ሐሞት። ጻፍሽ? የጽጌረዳ መንታ። ደም ሲፈስሳት ነርሷን ጮኸሽ የጠራሽው አንቺ ነሽ። የንጋቱን ኩላሊት እንዳትረሺ!»

ሸይማ በስዊድንኛ አጉረመረመች። እኔ ተረጎምኩ፤ «መጠየቅ እንደ ሥራ አይቆጠርም ነው የምትለው። ማንም ሰው የታመመ ይጠይቃል።»

«ማንም?» አሉ እትዬ ተጂቱ፣ እኔን እያዩ። «መምህር፣ ይቺ ልጅ የምትኖረው የት ነው?»

እኔም የበኩሌን አከልኩ። ስዊድኖቹ ይህን ቢያነቡ ግራ ይገባቸዋል፣ «በማን ተልከሽ? በምን ኃላፊነት?» ይላሉ አልኩ። ሰውን መጠየቅ እንዴት ተደርጎ ወረቀት ላይ እንደሚወርድ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ለጨዋታ ያህል፣ «ለመሆኑ እትዬ፣ እርስዎን ማን ሾመዎት? ጥየቃውን የት ጀመሩት?» አልኳቸው።

እትዬ ተጂቱ ዝም ሲሉ ያኔ ገና ማየቴ ነው።

«ማርታ ጋ» አሉ።

ስዊድን የገቡት በክረምት ነው። ከስደተኞች ጋር ሰሜን ውስጥ አንዲት በበረዶ የተዋጠች ትንሽ ከተማ ተላኩ። ብዙም ሳይቆዩ ሆዳቸውን አሟቸው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የተኙበት ክፍል ሁለት አልጋ አለው። ሌላኛው ላይ አንዲት አሮጊት ስዊድናዊት ተኝታለች። ስሟ አልጋዋ ላይ ተጽፏል፤ ነርሷ ስትጠራት ነው የሰሙት፣ ማርታ። ከሰዓት በኋላ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ከጎረቤት ክፍሎች የሰው ድምፅ ይመጣል፣ ሳቅ ይሰማል፣ አበባ ያልፋል። እነሱ ክፍል የሚመጣ የለም።

«እሷ በሩን ታያለች» አሉ እትዬ ተጂቱ። «እኔም በሩን አያለሁ። አንድ በር ሁለት ሰው እያየው ይውላል። ደሴ ብሆን፣ ኮምቦልቻ ብሆን እኮ ሰው መቀመጫ ያጣል! አንድ ቀን ወላሂ ቁጭት ገባኝ። ብድግ አልኩ። ሆዴ ገና አልጠገገም። ካፖርቴን ከጋቢና ከሻሽ ጋር ደረብኩ። ወጣሁ፤ በሩን ዘጋሁት። ትንሽ ቆየሁና አንኳኳሁ።»

«ከዚያስ?» አለች ሙፈሪሃት።

«ገባሁ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ‹ሄይ ማርታ› አልኳት። ‹ከስተሻል› አልኳት። በእኛው ነው የነገርኳት፤ ግን ገብቷታል። አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኳት። ስታለቅስ እየሳቀች ነው፣ ስትስቅ እያለቀሰች ነው። ጥየቃዬን ስጨርስ ወጣሁ፣ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተኛሁ።»

በማግስቱ ማርታ ነርሷን ልካ ባርኔጣዋን አስመጣች። ከአልጋ መውረድ የማትችል ሴት ናት፤ በብረት ምርኩዝ እየተጎተተች ወጣች። እትዬ ተጂቱ በሩን እያዩ ጠበቁ። ኳ ኳ አለ። «ሄይ ተጂቱ!» ከዚያ ወዲያ እነዚያ ሁለት ሴቶች ጠያቂ አጥተው አያውቁም። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ፀጉሯን አስተካክላ ትጠብቃለች።

ከዚያ እትዬ ተጂቱ ዳኑ፤ ከሆስፒታል ወጡ። እመለሳለሁ ብለው በምልክት ለማርታ ነገሯት። ግን ወዲያው ወደ ስቶክሆልም ተዛወሩ። ቋንቋ የለም፣ መንገዱን አያውቁት፣ የሴትዮዋን የአባት ስም አልያዙ። ቀሩ።

«ሳልጠይቃት ቀረሁ» አሉ። «እዚህ አገር ስንት ሰው ጠየቅሁ። ለእሷ ግን አይሞላልኝም።»

ሙፈሪሃት ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ ያኔ አሮጊት ከነበረች እኮ አሁን ሞታለች» አለች።

«አውቃለሁ። እኔ ግን በሩን ስታይ ነው የምትታየኝ።»

ሸይማ ወለሉን ታያለች። እኔ ግን መምህር ነኝና ዝምታ አይሆንልኝም፤ ጠረጴዛውን መታሁ። «ይሄ ነው! ይሄን ጻፊ! ሐኪም ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማን ሊናገር ነው?»

እትዬ ተጂቱ እጃቸውን አነሱ። «አይሆንም። ይሄ የኔ ነው። ማርታን በዚህ ዓለም ላይ የማስታውሳት እኔ ብቻ ልሆን እችላለሁ፤ እንደ ሎተሪ ለዕድል አታቀርቡብኝም። እኔንም እንዳትጽፊኝ። መሐይም ጎረቤት ይዛ ዞረች ይሉሻል። ኩላሊቱን ጻፊ።»

ኩላሊቱም አልተጻፈም። የእጅ ኳስ፣ ቀይ መስቀል፣ አረጋውያን ቤት ሆኖ ሄደ። ስዊድንኛው እንከን አልነበረውም። ሳነበው ግን ሸይማን የትም አላገኘኋትም፤ ማንም ጨዋ ልጅ ሊጽፈው ይችል ነበር። ቢሆንም አለፈ። ለጥያቄ ተጠራች።

ሸይማ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ለእትዬ ተጂቱ ይህን መንገር ለግድግዳ መንገር ነው። «ለሠርግሽ ብቻሽን ትሄጃለሽ? ለፈተናስ ለምን?» አሉ፤ እኔንም በስልክ አስነስተው ከምኖርበት ከሶደርማልም ሰፈር አስመጡኝ። ደረስን። መተላለፊያው ላይ አመልካቾች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ሁሉም ፊታቸው ወረቀት መስሏል። እትዬ ተጂቱ ጫፍ ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

«ምስኪኖች» አሉ። «ሁሉም ከስተዋል።»

ጋግረው የያዙት አምባሻ ከዘንቢል ወጣ። በ«ሄይ» ይሰጣሉ፣ በ«ታክ» ይቀበሏቸዋል። ሸይማ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በስዊድንኛ፣ እነዚህ እኮ ተወዳዳሪዎቼ ናቸው ብላ በጥርሷ መካከል ተናገረች። ተረጎምኩላቸው።

«ታዲያ ይራቡልሽ? አንቺ ነሽ ሐኪም የምትሆኚው?»

በዚህ መሃል አንዲት ረጅም ሽበታም ሴት መነፅሯን እያስተካከለች፣ ወረቀት አቅፋ በጥድፊያ አለፈች። እትዬ ተጂቱ መንገድ ዘጉባት። «ሄይ!» ሴትዮዋ ቆመች። አምባሻውን አየች፣ እትዬ ተጂቱን አየች፣ ምን ታድርግ፣ ተቀበለች። ስትሄድ እትዬ ተጂቱ በጆሮዬ፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይቺ ሴትዮ እንቅልፍ የላትም» አሉኝ። ሴትዮዋ ሸይማ ወደምትጠየቅበት ክፍል ገባች። ፈታኟ ናት። እኔ በዚያች ሰዓት ልጅቷ ሌላ ከተማ ስትሄድ ታየችኝ።

ሸይማ ገባች፤ ቆየች። ከእሷ ቀድመው የገቡት እንዲያ አልቆዩም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ተጂቱ «አብሽሪ» ብቻ አሏት። ወደ ቱነልባናው ወረድን፣ የሰማያዊው መስመር ባቡር መጣ፣ ተሳፈርን። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ሸይማ ወደ እትዬ ተጂቱ ዞረች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ በአማርኛ። «ማርታን ነገርኩባቸው።»

እትዬ ተጂቱ በድንጋጤ ደረታቸውን ያዙ። አማርኛው ነው መጀመሪያ ያስደነገጣቸው፤ «ያረቢ፣ ምን ሆኛለሁ? ገርጥቻለሁ እንዴ?» አሉ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባቸው።

ሸይማ እንዲህ ብላ አስረዳች። መጀመሪያ ስለ እጅ ኳስ ጠየቋት። ትብብር ተማርኩበት አለች፤ ስትናገረው ከእሷ በፊት የገቡት ሁሉ ይህንኑ እንዳሉ ተሰማት። ቀይ መስቀሉም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ሽበታሟ ሴት፣ ውጭ አምባሻ የሰጠችኝ ሴት አያትሽ ናት ወይ አለቻት። አይደለችም። ዘመድሽ ናት? አይደለችም፤ ጎረቤቴ ናት። ታዲያ ለምን መጣች? ልትጠይቀኝ። አንቺ እኮ አልታመምሽም። «ፈርቼ ነበር» አለች ሸይማ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስከ መጨረሻው ያወሩት ስለ እትዬ ተጂቱ ነው፤ ስለ ፔርሙሱ፣ ስለ ብርቅአየሁ፣ ስለ ጽጌረዳ። መጨረሻ ላይ፣ ይህን ሁሉ ጎረቤትሽ ከማን ተማረችው ስትባል፣ ሸይማ አፏን መግታት አልቻለችም።

እትዬ ተጂቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ስሟን ጠራሽው?» አሉ።

«ጠራሁት።»

«ሴትዮዋ ሰማችሽ? አልቸኮለችም?»

«ሰማችኝ። እንድደግምላት ጠየቀችኝ።»

የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «እንግዲያስ አንድ ሰው ተጨመረላት» አሉ። አካላ እስክንደርስ የሸይማን እጅ አልለቀቁም።

መልሱ በበጋ መጣ። ሸይማ ገባች። ሙፈሪሃት ደረጃው ላይ እልል ስትል ስዊድናውያኑ ጎረቤቶች እሳት የተነሳ መስሏቸው ወጡ። እትዬ ተጂቱ ከሁላችንም ረጋ ብለው፣ ነገሩን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላልኳችሁም? የንጋቱ ኩላሊት ነው ያስገባት።» ወረቀቱ ላይ እንዳልነበረ ብንነግራቸው አልሰሙንም። ንጋቱም ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ ቤት ኩላሊቱን እየነካ፣ አንዲት ሐኪም ያፈራሁ ሰው ነኝ ይላል።

እትዬ ተጂቱ ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኛቸው ሰው ብዛት ፖሊስ አስጠራ ብል ዋሸህ እንዳትሉኝ፤ መጥቶ የነበረው አንድ ጥበቃ ብቻ ነው፣ እሱም ከስተሃል ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በስቶክሆልም ሐበሻ በፀጥታ ይታመማል። ማንም አያስደነግጠንም። ማንም የሞተ የኮምቦልቻ ሰው አልጋችን ድረስ አያመጣብንም። በስልክ «ይማርህ» የሚል አጭር መልእክት ይደርሰናል፤ እኛም «አሜን» ብለን እንልካለን። ስንቶቻችን ነን ስንት ጊዜ ከእሳቸው ጥየቃ ለማምለጥ በሽታችንን የደበቅን! አሁን በግልጽ ብንታመምም የሚሰማን የለም።

እኔም በሁለት ሺህ ዘጠኝ መኸር ሐሞቴን ታመምኩ። ላጤ ነኝ፤ ሶደርማልም ያለችው ክፍሌ ከእኔ ሌላ ሰው አታውቅም። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የሰጡኝ ክፍል ለብቻዬ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ መስኮቱ ጥድ ያሳያል። ነርሶቹ መልካም ሰዎች ናቸው። የሚጎድል ነገር አልነበረውም። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ከወዲያኛው ክፍል የልጆች ሳቅ መጣ። ጋዜጣ ገለጥኩ። አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። ቀና ስል በሩን እያየሁ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እትዬ ተጂቱ ናፈቁኝ። ሞኝነቱ ገብቶኛል፤ ሰው እናቱን ይናፍቃል፣ አገሩን ይናፍቃል፣ እኔ የናፈቀኝ በሬ ላይ ቆሞ መክሳቴን የሚነግረኝ ሰው ነው። ያንን የሞተ የኮምቦልቻ ሰው እንኳ ናፈቅሁት።

በሩ ተከፈተ። ሸይማ ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ የልብ ማዳመጫ አለ። እላይ ፎቅ ላይ በተማሪነት እየሠራች ስሜን አይታ ነው የወረደችው። አፌን ስከፍት ጣቷን አነሳች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ተመልሳ ወጥታ በሩን ዘጋችው። በሩ ላይ ባለችው መስታወት አየኋት። ማዳመጫውን ከአንገቷ አወጣች። ነጩን ጋውን አወለቀች። ክንዷ ላይ ይዛው የመጣችውን የክረምት ካፖርቷን ለበሰች፣ ሻሿን አስተካከለች። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆየች።

ኳ ኳ አለ።

«ግቡ» አልኩ።

በሩ ላይ ቆመች። ከእግሬ ጀምራ እስከ ራሴ ቀስ ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ከስተዋል» አለች፣ በአማርኛ።

በዓመታት ትምህርት ያላገኘሁትን ዓረፍተ ነገር በአንድ ሐሞት አገኘሁት። የምር መታመሜንም ያመንኩት ያኔ ነው። ወንበሩን አልፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ገና ሐኪም አይደለሁም፤ ግን...» ብላ ጀመረችና ሳቋ መጣ፤ እኔም ስፌቴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ቁጥር ነካች፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። ከሩቅ የዶሮ ድምፅ ይሰማል፣ መኪና ይጮሃል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፤ መምህሩ። ደህና ነኝ። ትንሽ ሐሞቴን ነው፤ አሁን ምንም አልል።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ከኮምቦልቻ እስከ አልጋዬ ድረስ ፍርዱ መጣ።

«ድምፅህ ከስቷል።»

አልተከራከርኳቸውም። እሳቸው ከሄዱ ጀምሮ ከስቼ ነበር።